መልሱን አይቶ ለሚፈታው ጀግና

ሰው ሁሉ ጎበዝ ተማሪ ያሞግሳል። እኔ ዛሬ የማሞግሰው ሌላ ነው። የጂኦሜትሪ ጥያቄ ከነምስሉ ፊቱ ሲቀርብ እርሳስ ሳያነሳ፣ ወረቀት ሳያበላሽ፣ ቀጥ ብሎ ወደ መልስ ገጹ የሚገሰግሰውን ነው። ያነብባል። ራሱን ይነቀንቃል። «እህ! ይቺማ ቀላል ናት» ይላል። ከዚያ ጥያቄው ጎን ራይት ያደርጋል፣ ተሠራ ማለት ነው። እንዲህ እያለ ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች በአንድ ምሽት ጥርግ ሲያደርጋቸው፣ ጎኑ የተቀመጠው ምስኪን ገና ሦስተኛው ጥያቄ ላይ እያሰመረ፣ እያጠፋ፣ እንደገና እያሰመረ ያመሻል። ያሳዝናል።

ከዛሬ 2300 ዓመት ገደማ በፊት የነበረው የጂኦሜትሪ ሊቅ ዩክሊድ፣ ንጉሥ ቶለሚ «ይሄን ትምህርት ባጭሩ የሚያስጨርስ መንገድ የለም ወይ?» ብሎ ቢጠይቀው «ወደ ጂኦሜትሪ የሚወስድ የንጉሥ መንገድ የለም» አለው ይባላል። አይፈረድበትም። በሱ ዘመን ከጀርባ የመልስ ገጽ አልነበረማ!

እስቲ አንድ ጥያቄ እንውሰድ። ጎኖቹ 13፣ 14 እና 15 የሆኑ ጎነ ሦስት ስፋቱ ስንት ነው? ምስኪኑ እዚህ ላይ ይጨነቃል። መሠረቱ ተሰጥቷል፣ ቁመቱ ግን የለም። ጀግናችን ገለጥ አድርጎ አየው፤ 14 ላይ ቋሚ መስመር ጣል፣ 14ቱ ለ5 እና ለ9 ይከፈላል፣ በአንድ በኩል 5፣ 12፣ 13 በሌላ በኩል 9፣ 12፣ 15 ይወጣል፣ ሁለቱም ቀጤ ማዕዘን አላቸው፣ ስለዚህ ቁመቱ 12፣ ስፋቱ 84። አለቀ። እውነትም ያምራል!

አሁን አንድ ምቀኛ ተነስቶ «14ቱ ለ5 እና ለ9 መከፈሉን በምን አወቅክ? መስመሯስ ለምን 13ቱ ላይ አልወደቀችም?» ሊል ይችላል። ምን አገባው? (አንዱን ቁራጭ ኤክስ፣ ሌላውን 14 ሲቀነስ ኤክስ ብሎ ፓይታጎረስን፣ ማለትም ቀጤ ማዕዘን ባለው ጎነ ሦስት የሁለቱ አጫጭር ጎኖች ስኩዌር ሲደመር የረጅሙን ስኩዌር ይሰጣል የሚለውን፣ ሁለቴ መጻፍ ነው፣ ኤክስ 5 ይወጣል። 13ቱ ላይ ብትወድቅም ስፋቱ ያው 84 ነው፣ ቁመቱ ግን 168 ለ13 ሲካፈል የሚባል አስቀያሚ ቁጥር ይሆናል። ግን ይሄ ሁሉ እርሳስ ይፈልጋል።) የዚህ ዓይነት ጥያቄ ትልቁ ጣጣ እኮ ስሌቱ አይደለም። ምስሉ ላይ የሌለችውን ያቺን አንዲት መስመር ማግኘት ነው። ምስኪኑ አንዴ ከዚህ ጫፍ፣ አንዴ ከዚያ ጫፍ እየሞከረ፣ ትይዩ ሲያሰምር፣ ማዕዘን ለሁለት ሲከፍል፣ ምንም ሳይወጣለት ሲቀር ወረቀቱን ጨምድዶ ሲጥል ነው የሚያመሸው። ለጀግናችን ግን በነጠብጣብ ተሰምራ፣ ተኩላ፣ ተሞሽራ ትጠብቀዋለች። ያገኛት እሱ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ እንዲመስለው ነው የምፈልገው፣ ደስታውን አልነጥቀውም።

ሌላው ጸጋው ዓይኑ ነው። ከዲያሜትር ሁለት ጫፎች ተነስተው የሚገናኙ መስመሮች ካየ 90 ዲግሪ ብሎ ያጠቁራል። የሚገናኙት ክቡ ላይ ከሆነ ልክ ነው። መገናኛዋ ነጥብ ወደ ውስጥ ገባ ካለች ማዕዘኑ ከ90 ይበልጣል፣ ወደ ውጭ ወጣ ካለች ያንሳል፤ ግን እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር የሚያየው ሥራ ፈት ነው። ከምስሉ ሥር «በልክ አልተሳለም» ተብሎ ተጽፎለት እንኳ ማስመሪያውን አውጥቶ ይለካል። በራስ መተማመን ማለት ይሄ ነው። ሁለት ጎነ ሦስቶች ሁለት ጎናቸውና አንድ ማዕዘናቸው እኩል ከሆነ፣ ማዕዘኑ በጎኖቹ መሃል ይሁን አይሁን ሳያጣራ «ልክክ ብለው ይገጥማሉ» ብሎ ይፈርማል። ማን ይከለክለዋል?

ጀምስ ጋርፊልድ የሚባል የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ነበር፣ ኋላ ፕሬዝዳንት የሆነው። እ.ኤ.አ. በ1876 የፓይታጎረስን ቲዎረም አንድ ትራፒዝየም (ሁለት ጎኖቹ ትይዩ የሆኑ ጎነ አራት) ለሦስት ጎነ ሦስቶች ከፍሎ በራሱ መንገድ አረጋግጦ አሳተመ። ስንት ሺህ ዓመት የታወቀ ነገር! ፈተና የለበት፣ ማርክ የለው። ገልብጦ ቢያየው ምን ነበረበት?

ወደ ፈተናው ቀን እንሂድ። ጥያቄ መጣ፣ ጎኖቹ 26፣ 28 እና 30። ጀግናችን ፈገግ አለ። ይቺን ያውቃታል! ጎኖቹ እጥፍ ሆኑ፣ ስለዚህ ስፋቱም እጥፍ፣ 84 ሲባዛ በ2፣ 168። ምርጫው ውስጥ ፈለገ፣ 168 አለ። እንዴት አይኖር፣ ፈተና አውጪው በደንብ ያውቀዋል፣ ለሱ ብሎ ነው ያስቀመጠው። ጎን እጥፍ ሲሆን ስፋት አራት እጥፍ ስለሚያድግ መልሱ 336 ነበር። ምስኪኑ ቁመቷን ጥሎ፣ 24 አግኝቶ፣ ግማሽ ሰዓት ከሚመስል ጊዜ በኋላ እዚያው ደረሰ። ዘገምተኛ።

ከፈተና ሲወጡ ጀግናችን አንገቱን አልደፋም። «ጥያቄው ከተማርነው ውጪ ነው፣ እኔ የሠራሁት 13፣ 14፣ 15 ነበር» አለ። እውነቱን ነው፣ ቁጥር መቀየር ነውር ነው። ባለፈው ጊዜም የጎነ ሦስቱን ፊደሎች ከሀ፣ ለ፣ ሐ ወደ ሠ፣ ረ፣ ሰ ለውጠውበት ስንቱ ግራ ተጋብቶ ወጣ!

ስለዚህ ለፈተና አውጪዎች አንድ ሐሳብ አለኝ። ከእንግዲህ መልሱ ከነማብራሪያው ከጥያቄው ጎን ይታተም። ነጠብጣቧ መስመርም አትረሳ። ተማሪው አንብቦ ራሱን ይነቅንቅ። ከሥር ሁለት ምርጫ ብቻ ይኑር፦ ሀ. ገብቶኛል፣ ለ. በጣም ገብቶኛል። እርማቱም ይቀልላል።