ፍጥነት ሰበብ አይሆንም

ኦንላይን ዜናችሁ ላይ ስለሚታየው የፊደልና የሰዋስው ስህተት ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ «አንባቢ እስከገባው ድረስ የፊደል ስህተት ያን ያህል አያሳስብም» የተባለው አልተዋጠልኝም። የሚገባን እየገመትን ስለምናነብ ነው እኮ! «ኃላፊው ታሰሩ» መሆን የነበረበት «ኃላፊው አሰሩ» ተብሎ ቢወጣ በአንድ ፊደል ታሳሪው አሳሪ ሆነ ማለት ነው። ይሄንን ማን ይገምተዋል?

የሀ እና የሐ፣ የሰ እና የሠ ጉዳይ ድሮም ስምምነት የሌለበት ስለሆነ ብዙም አልከራከርበትም። ግን ቢያንስ አንድ ዜና ውስጥ አንዱን ምረጡና በሱ ዝለቁ። ርዕሱ ላይ «ፀሐይ»፣ ወረድ ስንል «ጸሀይ»፣ ምን ማለት ነው? የሰው ስም ላይ ደግሞ ይብሳል። «ኃይሉ»ን አንዴ በኃ አንዴ በሀ ከጻፋችሁት ነገ ያንን ዜና በስሙ ፈልጎ ማግኘት ጣጣ ነው።

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ሰዋስው ነው። «የ5 ሰዎች ሕይወት አልፈዋል» የሚል የአደጋ ዜና ስንቴ አነበብን? ያለፈው ሕይወት ነው፣ ስለዚህ «አልፏል»። ይሄ የሊቅ እውቀት አይጠይቅም፤ ከመለጠፉ በፊት አንዴ ጮክ ብሎ ማንበብ ይበቃል። ደግሞ የሞት ዜና ነው፣ የሟች ቤተሰብ ያነበዋል።

ፍጥነት ነው ትላላችሁ። እሺ፣ ግን ኦንላይን ላይ ማረም እንደ ጋዜጣ ማተሚያ ቤት መመለስን አይጠይቅም። አንባቢ ስህተቱን እየጠቆማችሁ ለቀናት እንዳለ የሚቀመጠው ለምንድን ነው? አራሚ ቅጠሩ። ያረማችሁትንም «ታርሟል» ብላችሁ ከሥር ጻፉ።