ለአግኚዎቻችን ዕድሜ ይስጥልን

ባለፈው ሳምንት አንድ ቃለ መጠይቅ አየሁ። እናንተም ሳታዩት አትቀሩም። እሱን ባታዩ ወንድሙን አይታችኋል። በቅርቡ ስሟ የገነነ ዘፋኝ ጥግ ላይ ቁጭ ብላለች። መሃል ወንበሩ ላይ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሰውዬ ተንሰራፍተዋል። አቅራቢው «እሷን ያገኙልን ሰው» ብሎ አስተዋወቃቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት የእሳቸው ሆነ። ልጅቷ አንዴ ልትናገር አፏን ስትከፍት «ቆይ፣ እሱን እኔ ልንገረው» አሏት። ዝም አለች።

እንግዲህ ሙዚቃ የሚሠሩት ዘፋኞች የሚመስላችሁ ካላችሁ ታረሙ። ሙዚቃ የሚሠሩት አግኚዎች ናቸው። ተሰጥኦ ፈላጊ በሏቸው፣ ታለንት ስካውት በሏቸው፣ ማዕረጋቸው ብዙ ነው። እኔ በፍቅር አነፍናፊ እላቸዋለሁ። ልጅቷን እናቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሰምታታለች። የሙዚቃ መምህሯ ሰምቷታል። ግድግዳ የሚጋሯት ጎረቤቶች ወደው ሳይሆን ተገደው ሰምተዋታል። እነዚህ ሁሉ ግን አግኚ አይባሉም። በእጃቸው ውል አልያዙማ።

መቼም የድሮዎቹ ሥራውን አያውቁበትም ነበር። ለሸክላ ኩባንያ ዘፈን ይቀዳ የነበረውን ፍሬድ ጋይስበርግን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1902 ሚላን ላይ ኤንሪኮ ካሩሶ የሚባል ወጣት የኦፔራ ዘፋኝ ሰማ። ለ10 ዘፈን 100 ፓውንድ ተጠየቀ። ራሱ እንደተረከው ከዋናው መሥሪያ ቤት «በጣም ውድ ነው፣ እንዳትቀዳ» የሚል ቴሌግራም መጣለት። እሱ ግን ቀዳ። በገዛ ጆሮ አምኖ እንጀራን አደጋ ላይ መጣል! ራልፍ ፒር የሚባለው ደግሞ በ1927 መቅጃ መሣሪያውን ጭኖ በቴነሲና በቨርጂኒያ ድንበር ላይ ወዳለችው ብሪስቶል ሄደ። በኋላ የአሜሪካ ካንትሪ ሙዚቃ ታላላቆች የሆኑትን ካርተር ፋሚሊንና ጂሚ ሮጀርስን የቀዳው እዚያ ነው። በርግጥ ፒር ጨርሶ የዋህ አልነበረም፤ የዘፈኖቹን የኅትመት መብት ለራሱ ማስቀረት ያውቅበት ነበር። የዛሬዎቹ ከእሱ የወረሱት ይቺኑ ነው። ጉዞውን ትተውታል።

የባሰው አሜሪካዊው የሙዚቃ አሳታሚ ጆን ሃመንድ ነው። በ1936 ቺካጎ ውስጥ ሌሊት የመኪናውን ሬዲዮ ሲነካካ የካውንት ቤዚን የጃዝ ባንድ ሰማ። ባንዱን ፍለጋ ካንሳስ ሲቲ ድረስ ሄደ። በ1961 ደግሞ ቦብ ዲላን የሚባል፣ ድምፁ የብዙ ሰው ጆሮ የሚሻክር ልጅ አስፈረመ። የመጀመሪያው አልበም እምብዛም ሳይሸጥ ሲቀር የሥራ ባልደረቦቹ ልጁን «የሃመንድ ሞኝነት» እያሉ ተሳለቁ። ሃመንድ ግን ልጁን አልለቀቀም። ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ቁጥር ሳያይ የሚያምን?

ተመስገን፣ ይህ ሁሉ ድካም ቀርቷል። የዘመኑ አነፍናፊ እንዴት እንደሚሠሩ ላጫውታችሁ። ሶፋ ላይ ጋደም ብለው ስልካቸውን ይዘዋል። ድምፁን ዘግተውታል። ድምፅ ትኩረት ይበትናል። የሚያዩት ከሥር ያለውን ቁጥር ነው። አንዲት ልጅ 900 ሺህ ተከታይ አላት። «ገና ነች፣ አልበሰለችም» ብለው ያልፏታል። 980 ሺህ ስትደርስ ቀና ይላሉ። አንድ ሚሊዮን ስትሞላ ጸጉራቸው ይቆማል። «አገኘኋት!» ብለው ይጮኻሉ። አንድ ሚሊዮን ሰው ቀድሟቸው ማግኘቱ ቅንጣት አይከፋቸውም።

ወዲያው መልእክት ይጽፉላታል። «ለረጅም ጊዜ ስከታተልሽ ነበር።» መከታተል የጀመሩት ከአራት ደቂቃ በፊት ነው። ይገናኛሉ። «ድምፅሽ ነፍሴን ነካው» ይሏታል። የትኛው ዘፈን እንደሆነ ትጠይቃለች። «ሁሉም» ይላሉ። ትንሽ አስበው «በተለይ የፍቅሩ» ብለው ይጨምራሉ። ልጅቷ የፍቅር ዘፈን የላትም። ስለሞተ ወንድሟ ነው የምትዘፍነው። ግድ የለም፣ እሱም ፍቅር ነው።

ከዚያ ያደነቁትን ነገር ማስተካከል ይጀምራሉ። ስሟ ይቀየር። ጊታሩ ይውጣ። ዘፈኑ ይጠር። በዚህ ወር የገነነችውን የሌላይቱን ድምፅ ትንሽ ትምሰል። ወንድሟም ከዘፈኑ ውስጥ ቢወጣ ጥሩ ነው፤ ሐዘን አይሸጥም።

ታሪኩ የሚጣፍጠው ግን ከዚህ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ቃለ መጠይቅ ላይ «በስልክ አየኋት» ይላሉ። በሁለተኛው ዓመት ስልኩ ጠፍቶ ትንሽ አዳራሽ ይመጣል። ከእሳቸው ሌላ አምስት ሰው ብቻ ነበር። በሦስተኛው ዓመት አዳራሹም ይፈርስና መንገድ ዳር ትዘፍናለች። በአራተኛው ዓመት ዝናብ ይጥላል። በአምስተኛው ዓመት ጫማ የላትም፤ ኮታቸውን አውልቀው ደረቡላት። በስድስተኛው ዓመት መዝፈንም አትችልም ነበር፤ ቁጭ ብለው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። በአሥረኛው ዓመት «እትብቷን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» ቢሉ አልደነግጥም። እሷም ጎናቸው ተቀምጣ ታስታውሳለች።

ሰውዬው «አገኘኋት!» ከማለታቸው ስምንት ወር በፊት «ይህችን ልጅ ስሟት» ያለች አንዲት ረዳት ነበረች እንጂ። «ሥራሽን ሥሪ» ተብላለች። እሷን የሚያስታውስ የለም። ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ሜምፊስ ውስጥ ኤልቪስ ፕሪስሊ የሚባል ልጅ ከፍሎ ዘፈን ሊያስቀዳ ሲመጣ፣ ጥሩ ዘፋኝ ነው ብላ ስሙን ጽፋ ያስቀመጠችው የስቱዲዮው ቢሮ ሠራተኛ ማሪዮን ኪስከር ነበረች። ስንቶቻችሁ ስሟን ሰምታችኋል?

ሽሙጡን ለአፍታ ላስቀምጠው። ለልጅቷ የተሰጣት ቅድሚያ ክፍያ ስጦታ አይደለም። ከድርሻዋ የሚቆረጥ ነው። ድርሻዋ ደግሞ ከገቢው ትንሹ ቁራጭ ነው። የስቱዲዮው ወጪ፣ ብዙ ጊዜም የቪዲዮው ወጪ ሳይቀር እዚያው ላይ ይታሰባል። ያ ሁሉ እስኪመለስ ሳንቲም ላታይ ትችላለች። ከፍላ ስትጨርስም ማስተሩ፣ ማለትም ዋናው ቅጂ፣ በአብዛኛው የኩባንያው ነው። ቤቱን ከፍላ ጨርሳ ቁልፉን አልሰጧትም ማለት ነው። ይህም ይሁን። ያስፈረሟት ሰውዬ የተሻለ ደመወዝ አግኝተው ሌላ ኩባንያ ሲገቡስ? እሳቸው ይሄዳሉ፣ ውሉ ይቀራል። አዲሱ አለቃ «እሷ የእሳቸው ነበረች» ብሎ አልበሟን መሳቢያ ውስጥ ይከታል። ሌላ ቦታ እንዳትዘፍን ፊርማዋ ያስራታል። በ19 ዓመቷ ጠበቃ ሳታማክር የፈረመችው ፊርማ! ስንት ድምፅ በዚህ ሁኔታ መሳቢያ ውስጥ አርጅቷል። ያን ጊዜ «እኔ ነኝ ያገኘኋት» የሚል አንድ ሰው ብቅ አይልም። ሲሳካ አባቷ ብዙ፣ ሲበላሽ ወላጅ አልባ። ነውር ነው።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። አንድ ያልተነገረላቸው ውለታ አለ፤ እሱም ትሕትናቸው ነው። ያገኟቸውን ሲቆጥሩ ይውላሉ፤ የመለሷቸውን ግን በትሕትና አንድም ጊዜ አያነሱም። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1962 ለንደን ውስጥ ቢትልስ ለአንድ ኩባንያ ፈተና ተፈትነው ወደቁ። ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ በዚያ እምቢታ ይስቃል። እኔ ግን አክብሮት አለኝ። ልጆቹ የዚያን ቀን 15 ዘፈን ተጫውተዋል። እምቢ የተባሉት ከተሰሙ በኋላ ነው። ዛሬ ይህን ክብር ማን ያገኛል? የዘመኑ አነፍናፊ እምቢ ለማለትም እሺ ለማለትም መስማት አያስፈልጋቸውም።

ደግሞ አትሳሳቱ፣ ቁጥሩን ካዩ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚያዩት። አንዱ ካሸተተ ሰባቱ ይደርሳሉ። ከዚያ ያቺኑ አንዲት ልጅ ሰባት ሰው ለየብቻው «ማንም ሳያያት» ያገኛታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእነሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ልዩነቱ የእነሱ ጩኸት በመቶኛ የሚከፈልበት መሆኑ ነው።

ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ አደራ። አሁን በስልካችሁ የምታዳምጡት፣ 300 ሰው ብቻ የሚያውቀው ዘፋኝ ካለ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። ለጓደኛ ላኩ፣ ለዘመድ ላኩ፣ ደጋግማችሁ ተጫኑ። ሰውዬው ሶፋቸው ላይ እየጠበቁ ነው። እናንተ ሚሊዮኑን ካልሞላችሁላቸው እንዴት አድርገው ያገኙታል?