እርማት፦ የጥርስ ትል የሚባል የለም

ወንድሜ፣ «መድን የሌለው ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል? የእምቧይ ፍሬ ጭስ ታጠን፣ ትሉ ይወጣል» ብለሃል። ትል የለም። ጥርስ የሚያበላሸው ባክቴሪያ ነው፤ ስኳሩን ወደ አሲድ ይቀይርና ጥርሱን ይቦረቡረዋል። ስትታጠን ከፊትህ በሚቀመጠው ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው፣ «ትል» የሚሉት ነጭ ነገር ከአፍህ የወጣ አይደለም። እኔም እዚሁ ባህር ዳር ታጥኜ አውቃለሁ፤ ዓይኔ አለቀሰ፣ ጥርሴ ግን ያው!

መድን ባይኖርህም መጀመሪያ የመንግሥት ሆስፒታል ጠይቅ። እዚሁ ባህር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የጥርስ ሕክምና አለ። ወረፋ አይጠፋም፣ ማልደህ ሂድ። ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ «ማስሞላት ስንት ነው? መንቀልስ?» በል፤ ነውር የለውም። ቀዳዳው ትንሽ ሳለ ማስሞላት ነርቩ ጋ ከደረሰ በኋላ ከማሳከም በጣም ይረክሳል። ፊትህ አብጦ ትኩሳት ከያዘህ ግን ዋጋ ስታወዳድር እንዳታድር።