ከመርጫው በፊት ብልቃጡን

የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጥቅምት ላይ አንድ ዘመዳችን ከአዲስ አበባ ስጦታ አመጣላት። ክዳኑ ማጉያ የሆነ ግልጽ የፕላስቲክ ሣጥን፣ አንድ ወረንጦ፣ አንድ ትንሽ መረብ። ነፍሳትን ይዞ ማሳደጊያ ነው። ደብረ ብርሃን ካለው ግቢያችን ጎመን ላይ ስድስት አረንጓዴ ትሎች ለቅማ ከተተችበት።

እናቴ አልወደደችውም። «በስመ አብ! አንቺ ልጅ፣ እኛ ትሉን ለማጥፋት መከራችንን እናያለን፣ አንቺ ቤት አስገብተሽ ትቀልቢዋለሽ?»

ቀለበቻቸው። በየማለዳው ትኩስ ቅጠል ትሰጣለች፣ ኩሳቸውን ትጠርጋለች። ትሉ ሲነኩት ወደ ኋላ እየተንፈራገጠ በቀጭን ክር ይንጠለጠላል። ዕድሜዬን ሙሉ በጎመን ጓሮ ሳልፍ ኖሬ ይህን ያሳየችኝ እሷ ናት። ከዚያ ስስ መረብ የመሰለ ድር ሠርተው ውስጡ ተኙ። እሷ የጠበቀችው ቢራቢሮ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ከአራቱ ትናንሽ ግራጫ የእሳት እራቶች ወጡ። ከሁለቱ ግን ወገበ ቀጭን ጥቁር ተርብ ወጣ።

«ጋሼ፣ ክዳኑ ዝግ ነበር እኮ! በየት ገባ?»

በየትም አልገባም። ተርቧ ትሉ ገና ጎመኑ ላይ ሳለ እንቁላሏን ሰውነቱ ውስጥ ጥላ ሄዳለች። ልጇ ትሉን ከውስጥ እየበላ አደገ። ለካ ሳንቀጥራት ጎመናችንን የምትጠብቅ ሠራተኛ ነበረችን። መድኃኒት ስንረጭ እሷም ትሞታለች። ትሉ ደግሞ መድኃኒት በመልመድ የታወቀ ነው። ዲዲቲ እንደማይበግረው የተመዘገበው እንደ ፈረንጆቹ በ1950ዎቹ ነው።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ልጅ ነፍሳትን የሚያውቀው በጠላትነት ነው። ነቀዝ፣ ተምች፣ ክሽክሽ፣ ደገዛ። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ አንበጣ ቆላውን ሲወር ልጆችም ከወላጆቻቸው ጋር እየጮሁ ሲያባርሩ ነበር። በዚህ ማንም ሊፈርድባቸው አይችልም። ግን ባቄላው ሲያብብ ንብ እንደሚፈልግ፣ ክሽክሹን የሚበላ ጢንዚዛ እንዳለ ማን ያሳያቸው? ትምህርት ቤት የሚያገኙት ከሰሌዳ የሚገለብጡትን ሥዕል ነው። ይሄ ልጅ ነገ መርጫ ጀርባው ላይ ያዝላል። ያን ጊዜ የሚንቀሳቀስ ሁሉ አንድ ይሆንበታል። ስለዚህ እላለሁ፣ ከመርጫው በፊት ብልቃጡን እንስጠው።

ብልቃጥ ያልኩት አውቄ ነው። ያ ውድ ሣጥን በወሩ ተሰበረ። አሁን የምንጠቀመው ባዶ የማርማላታ ብልቃጥ ነው። አፉን በነጠላ ቁራጭ ሸፍኖ በላስቲክ ማሰር ይበቃል። ነፍሳቱ የተገኘበትን ተክል ቅጠል፣ ያልተረጨውን፣ በየቀኑ መስጠት። ፀሐይ ላይ አለማስቀመጥ። ፀጉራም አባጨጓሬና ንብ አለመንካት። ሲያበቃ የተገኘበት ቦታ መልሶ መልቀቅ።

ልጆች ማሠቃየት ይለምዳሉ የሚሉ አሉ። ሥጋቱ እውነት ነው፤ ትልቅ ሰው አጠገባቸው መኖር አለበት። ግን ሲነጋ ሲጠባ የትል ኩስ ስትጠርግ የከረመች ልጅ ክንፍ ስትነቅል አላየሁም።

የአጎቷ ልጅ ሸዋ ሮቢት ነው የሚኖረው። ሲሰማ እሱም ብልቃጥ አዘጋጀ። እኛ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን። እሱ ታርማበርን ወርዶ ሙቀቱ ውስጥ ነው። ነፍሳት የራሳቸው ሙቀት ስለሌላቸው እድገታቸው በአየሩ ይወሰናል። ሁለቱም በአንድ ቀን የጎመን ትል ይዘው ማታ ማታ በስልክ ይነጋገራሉ። የሱ እሑድ ዕለት ወጥቷል። የሷ ገና ድሩ ውስጥ ነው። ዛሬ ጠዋትም ከትምህርት ቤት በፊት መስኮቱ ሥር ቁጢጥ ብላ ስታየው ነበር።