አርበኛው ጨጓራ

ለሯጮቻችን ሐውልት ይቁም የሚል ሞልቷል። እኔ የምሟገተው ለሐበሻ ጨጓራ ነው።

55 ቀን ሙሉ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ሲያስተናግድ የከረመ ምስኪን፣ በትንሣኤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዶሮ ወጥ ይወርድበታል። ዶሮው ብቻ ቢሆን ደግ፤ ቅቤው፣ አይቡ፣ እንቁላሉ፣ ከላይ ጠላው። ባለቤቱ ይህን ሁሉ ጭኖ ወዲያው ይተኛል። ሐኪሞች «ከበላችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳትጋደሙ ቆዩ፣ አሲዱ ሽቅብ ይመለሳል» ይላሉ። ይመለስ! ወጡም አብሮት ከመጣ ሁለቴ በላን ማለት አይደል?

እናቶቻችን ይህን ያህል ደፋር አልነበሩም። መጀመሪያ ተልባ በጥብጠው «አንጀትህ ይለስልስ» ይሉ ነበር። እኛ ሠልጥነናል፤ ተልባውን ዘለን ክትፎው ላይ ነን።

ባለፈው ፋሲካ አክስቴ ጭልፋዋን እንደያዘች ራሴ ላይ ቆመች። «በቃኝ» አልኳት።

«ምኑን በላህና! በሞቴ!»

ቆጥሬያለሁ፤ አራት ጊዜ ሞተችብኝ። አንዴ ለመላላጫው፣ አንዴ ለቅልጥሙ፣ ሁለቴ ለእንቁላሉ። ነፍሰ ገዳይ ከምባል በላሁ።

ጥሬ ሥጋው ደግሞ ሌላ ጀብዱ ነው። የቅርጫው በሬ ጎረቤት ግቢ ታርዶ፣ ቅጠል ላይ ተመድቦ፣ ዕጣ ወጥቶበት ይመጣል። መርማሪ አይቶታል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ፈሪ ነው። «ሚጥሚጣና አረቄ ይገድለዋል» ይባላል፤ የኮሶ ትል ግን የሚፈራው እሳት እንጂ ሚጥሚጣ አይደለም። አንጀት ውስጥ ከገባ ሜትሮች ይረዝማል። የቤት ኪራይ በናረበት ዘመን ያን ያህል ቁመት ያለው ተከራይ በነፃ ማኖር፣ ያውም ከነቀለቡ፣ ከእኛ ሌላ ማን ይችላል? አያቶቻችን ጥሬውን ሲበሉ ኮሶውንም ይጠጡ ነበር። እኛ መራሩን ትተን ጣፋጩን ወረስን።

ባሪ ማርሻል የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም፣ ለጨጓራ ሕመም ምክንያቱ ባክቴሪያ መሆኑን ለማሳየት በፈረንጆቹ 1984 ባክቴሪያውን በጥብጦ ጠጣና ታመመ፤ በ2005 ከባልደረባው ጋር ኖቤል ተሸለመ። እኛ ጋ ቢመጣ ኖሮ ምን አደከመው፤ ካልታጠበ እጅ አንድ ጉርሻ ይበቃው ነበር። ሽልማቱን እንኳ እንጃ፣ እዚህ ተወዳዳሪው ብዙ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት መድኃኒት ቤት ተሰልፈናል። ከፊቴ ያለው ሰውዬ ሆዱን ደግፎ «እህቴ፣ ያቺን የጨጓራ ካፕሱል» አለ።

«ኦሜፕራዞል? ተመርምረዋል?»

«ምን ምርመራ ያስፈልገዋል፣ ጾሙ ነው የጎዳኝ!»

ሰልፉ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። እውነት ነው፣ ያ ሽሮ ስንቱን ፈጀ። እኔም ልናገር አፌን ስከፍት ስልኬ ጮኸ፤ አክስቴ ናት።

«ለዳግማ ትንሣኤ ትመጣለህ አይደል? በግ ገዝተናል። በሞቴ!»

አምስት።