ሥልጠና ከእንቅልፍ ተቆርጦ አይሰጥም

ባለፈው ሳምንት በጭነት መርከብ ላይ ሁለተኛ መኮንን የሆነ ጓደኛዬ ከኩባንያው የደረሰውን ደብዳቤ ላከልኝ። አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። መርከብ የሚመሩ መኮንኖች የዲጂታል መሣሪያ ሥልጠናቸውን ከእንግዲህ ባሕር ላይ እያሉ፣ በላፕቶፕ፣ «በዕረፍት ጊዜያቸው» ይወስዳሉ ይላል። የብስ ላይ በአሠልጣኝ ይሰጥ የነበረው ኮርስ ቀርቷል። ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተቀምጧል፤ ወጣቶቹ መኮንኖች ስልክ እየነካኩ ያደጉ ስለሆኑ ለቴክኖሎጂ አዲስ አይደሉም።

ደብዳቤውን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቴም ደሜ ፈላ።

ስልክ መነካካትና መርከብ መምራት ምን አገናኛቸው? ስልክ የተሠራው ማንም ሰው ሳይማር እንዲጠቀምበት ነው። ኤክዲስ የሚሉት የኤሌክትሮኒክ የባሕር ካርታ እንዲህ አይደለም። መጀመሪያ አንተን ይጠይቅሃል። መርከቧ ስንት ሜትር ወደ ታች ትገባለች? ከየትኛው ጥልቀት ጀምሬ ላስጠንቅቅ? ቁጥሩን የምትሞላው አንተ ነህ። ካልሞላህ ማሽኑ በራሱ 30 ሜትር ብሎ ይይዛል። ጥልቀቱ ያን በማይሞላ ባሕር ላይ ማስጠንቀቂያው አያባራም፤ ሲሰለችህ ድምፁን ታጠፋዋለህ። ከሚገባው ያነሰ ቁጥር ከሞላህ ደግሞ ማሽኑ አይከራከርህም። አሸዋው ካርታው ላይ እያለ ዝም ብሎ ይለቅሃል። በዚያ ላይ የአንዱ አምራች ሜኑ ከሌላው አይገጥምም። በለመድከው መርከብ ላይ በሁለት ንክኪ የምታገኘው ነገር፣ ዛሬ በተሳፈርክበት ላይ ሌላ ቦታ ተቀብሮ ታገኘዋለህ። ይህን ማንም በስልክ አልተማረም። ውሃ የማያነሳ ክርክር ነው።

የኦቪትን ታሪክ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ አይፈርምም። ኦቪት የአትክልት ዘይት የጫነች ታንከር ነበረች። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 18 ቀን 2013 ሌሊት፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ዶቨር ሰርጥ ውስጥ ቫርን ባንክ በሚባለው የአሸዋ ቁልል ላይ ወጣች። የጉዞ መስመሯ የተሠመረው በቀጥታ በአሸዋው ላይ ነበር። ያሠመረው ልምድ የሌለው ጀማሪ መኮንን ነው፤ ያረመው የለም። የካርታው የማስጠንቀቂያ ድምፅ አይሠራም ነበር። ፈረቃ ላይ የነበረው መኮንን መርከቧ አሸዋ ላይ መውጣቷን እስኪረዳ 19 ደቂቃ ፈጀበት። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ! ከብሪታኒያ የባሕር አደጋ መርማሪዎች ሪፖርት ውስጥ እኔን የሚያመኝ ግን ሌላው ነው። መርከቧ ላይ በተገጠመው ኤክዲስ ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር። ካፒቴኑም መኮንኖቹም በአግባቡ ሊጠቀሙበት አልቻሉም።

ሠልጥኗል የሚል ወረቀት ብቻውን የሚያወጣው ይህን ያህል ነው።

አሁን ጓደኛዬ እንዴት እንደሚሠለጥን ልንገራችሁ። ፈረቃው ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት፣ ከዚያም ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ነው። በመሃል የጉዞ ዕቅድ ያወጣል፣ ካርታ ያድሳል፣ የወደብ ወረቀት ይሞላል። ሌሊት ከፈረቃ ወርዶ ካቢኑ ይገባል። ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጥና ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ያደርጋል። ቪዲዮው ይጀምርና ቀጥ ይላል። የሳተላይት ኢንተርኔቱ ሲመለስ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። መጨረሻው ላይ 20 ጥያቄ አለ። ቢወድቅ ወዲያው ደግሞ መሞከር ይችላል፤ ጥያቄዎቹ እነዚያው ናቸው። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ያልፋል። ሰርተፍኬቱ በኢሜይል ይመጣል። ምን ተማርክ ብዬ ስጠይቀው፣ «እውነቱን ልንገርህ? አንዱንም አላስታውስም» አለኝ።

ይህ ሰው ቀን 6 ሰዓት ላይ መርከብ ይረከባል።

ዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ለመርከበኛው በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በ7 ቀን ደግሞ ቢያንስ 77 ሰዓት ዕረፍት አስቀምጧል። የአደጋ ጊዜ ልምምድ እንኳ ሲደረግ ዕረፍቱን በተቻለ መጠን በማይረብሽና ሠራተኛውን በማያደክም መንገድ ይሁን ይላል። እሳት ለማጥፋት የሚደረግ ልምምድ እንዲህ ከተባለለት፣ ኩባንያ ያዘዘው ኮርስ በምን ሒሳብ ነው ዕረፍት የሚሆነው? ቀነ ገደብ የተቆረጠለት፣ ሳትወስደው ውልህ የማይታደስ ነገር የዕረፍት ጊዜ ጉዳይ አይደለም። ሥራ ነው። ሥራ ከሆነ የሥራ ሰዓት መዝገብ ላይ ይጻፍ። ካልተጻፈ መዝገቡ ውሸት ነው፤ ካፒቴኑም በዚያ ውሸት ላይ እንዲፈርም እየተገደደ ነው። ተቆጣጣሪ ወደብ ላይ ተሳፍሮ ገጹን ሲያገላብጥ ሁሉም ሰው በደንብ ያረፈ ይመስለዋል። ወጪው አልቀረም እኮ። ከኩባንያው ኪስ ወጥቶ ወደ መኮንኑ እንቅልፍ ተዛወረ እንጂ። የእንቅልፍ ዕዳ ደግሞ የሚከፈለው ጨለማ ውስጥ፣ መርከብ በበዛበት ሰርጥ ላይ ነው። ከአሁን በኋላ አሸዋ ላይ የወጣች መርከብ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው መኮንኑ ሰርተፍኬቱን ከሌሊቱ በስንት ሰዓት እንዳገኘው ነው።

ገንዘብ ነው ይሉኛል። አውቃለሁ፤ መኮንንን ከመርከብ አውርዶ፣ አውሮፕላን አሳፍሮ፣ ሆቴል አስገብቶ ማሠልጠን ርካሽ አይደለም። ደንብ ለመከለስ ላፕቶፑ ይበቃል፤ እዚህ ላይ አልከራከርም። ማሽን ሲሳሳት መንቃትን ግን ላፕቶፕ አያስተምርም።

ሮያል ማጀስቲን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1995 ከ1,500 በላይ ሰው ይዛ ከቤርሙዳ ወደ ቦስተን ትጓዝ የነበረች የመንገደኞች መርከብ ናት። የጂፒኤሷ አንቴና ገመድ ተላቀቀ። ማሽኑ ቦታውን በግምት ማስላት ጀመረ፤ ይህንንም ስክሪኑ ላይ በትናንሽ ፊደላት ጽፎታል። ለ34 ሰዓት ያህል ማንም ልብ አላለውም። ናንተኬት ደሴት አካባቢ አሸዋ ላይ ስትወጣ ከመስመሯ 17 የባሕር ማይል ያህል ርቃ ነበር። መኮንኖቹ ስክሪን መንካት አላቃታቸውም። አመኑት።

አንድ ጊዜ ሲሙሌተር፣ ማለትም የመርከብ መምሪያን አስመስሎ የተሠራ የሥልጠና ክፍል ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀምጬ አይቻለሁ። ሠልጣኙ ወጣት ነው፤ ጣቱ ስክሪኑ ላይ ይሮጣል። አሠልጣኙ ከኋላ ሆኖ፣ ምንም ሳይናገር፣ ጂፒኤሱ የሚያሳየውን ቦታ ቀስ በቀስ ገፋው። የብሱ ራዳሩ ላይ አንድ ቦታ፣ ካርታው ላይ ሌላ ቦታ ሆነ። ልጁ አላስተዋለም። ከደቂቃዎች በኋላ አሠልጣኙ ትከሻውን ነካ አድርጎ «በመስኮት ተመልከት» አለው። የልጁ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። ያቺን ደቂቃ ዕድሜ ልኩን አይረሳትም። ደብዳቤው የሰረዘው እሷን ነው። ነገሩ ደግሞ የክፍል ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁን 2017 ጥቁር ባሕር ላይ የነበሩ ከ20 በላይ መርከቦች ጂፒኤሳቸው የብስ ላይ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ናችሁ ብሏቸዋል።

የሳይበሩን፣ ማለትም መርከቡን ከኮምፒውተር ጥቃት የመጠበቁን ጉዳይ ለአይቲ ክፍል ተዉት የሚሉም አሉ። የካርታ ማደሻው ብዙ ጊዜ መርከቡ ውስጥ የሚገባው በፍላሽ ነው። ፍላሹን የሚሰካው መኮንኑ ነው፤ የአይቲ ክፍሉ ያለው የብስ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ እያለ አዲስ ነገር መጥቷል። ኤስ-100 የተባለው የካርታ ደረጃ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ተፈቅዷል፤ ከ2029 ጀምሮ በሚገጠሙ ኤክዲሶች ላይ ግዴታ ይሆናል። መኮንኖቹ ብዙ ነገር እንደገና ሊማሩ ነው። ኩባንያው የአሠልጣኙን ክፍል ለመዝጋት የመረጠው ይህን ጊዜ ነው። ደብዳቤው ይነሣ። ኮርሱ ወደ የብስ ይመለስ፤ ባሕር ላይ የሚቀረውም ሰዓቱ ተቆጥሮ ይከፈልበት።

የጓደኛዬ ቀነ ገደብ የፊታችን እሑድ ነው። ሁለት ኮርስ ይቀረዋል። ትናንት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ40 ላይ መልእክት ላከልኝ፤ ቪዲዮው እንደገና ቆሞበታል።