ግራንድፋዘር ተፈታ

"ግራንድፋዘር ተፈታ!" ብዬ ስጮህ እናቴ እጇ ሊጥ እንደሆነ ከጓዳ ሮጣ ወጣች።

"አባባ? መቼ ታሰሩ?"

እንግሊዝኛዋ ብዙ አይደለም። ይህችን ቃል ግን ታውቃታለች። እስካስረዳት አልጠበቀችም፤ ሊጥ በሊጥ በሆነ ጣት ስልኳን መነካካት ጀመረች። አያቴ ገጠር ነው ያሉት። ወዲያው አነሱ። ደህና ናቸው፣ ማንም አላሰራቸውም፣ ለምን እንደተደወለላቸው ግን አልገባቸውም። እናቴ "ምንም አይደል፣ እነዚህ ልጆች ናቸው" ብላ ዘጋችና ወደ እኔ ዞረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲያብሎ ሦስት የሚባል ጌም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ። ኮምፒውተር ላይ ያለ ኢንተርኔት ንቅንቅ አይልም። እኛ ፕሌይስቴሽን ላይ ስለምንጫወተው መብራት ካለ ይበቃናል። ሥራው አጋንንት መግደል ነው። ሲሞቱ ዕቃ ይጥላሉ። ጋኔን ቀበቶና ጓንት ምን ያደርግለታል ተብሎ አይጠየቅም። የዕቃው ማዕረግ በቀለሙ ይታወቃል። ነጩ ተራ ነው፤ ሰማያዊው ሻል ይላል፤ ቢጫው ደህና ነው። ብርቱካናማው ግን የራሱ ስም አለው። ሲወድቅ ከመሬት ብርሃን ወደ ላይ ይተኮሳል። ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ወሬ ይቆማል።

ግራንድፋዘር ባለ ብርቱካናማ ቀለም ሰይፍ ነው፤ በሁለት እጅ የሚያዝ። ስሙ ከመጀመሪያው ዲያብሎ ጀምሮ አለ። በ2023 በወጣው በአራተኛው ላይማ እሱን ፍለጋ ስንቱ እንቅልፍ አጥቷል። እውነቱን ለመናገር የኔው ጡረታ ወጥቶ ነበር። ከሱ የሚበልጥ ሰይፍ ካገኘሁ ቆይቻለሁ። ሣጥን ውስጥ አስቀምጬው አልፎ አልፎ ከፍቼ አየዋለሁ። ሰው የሠርግ አልበሙን አይቶ እንደሚመልሰው።

ሣጥኑ ደግሞ ይሞላል። ሲሞላ ወደ ቀጥቃጩ መሄድ ነው። ሰውዬው ሄድሪግ ይባላል። ዕቃህን ይፈታዋል፤ በምትኩ ጥሬ ዕቃ ይሰጥሃል። እኔ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ታናሽ ወንድሜ ጆይስቲኩን አንስቶ "ሣጥኑን ላጽዳልህ" አለ። ከዳቦው ጋር ስመለስ አያት የለም።

ይህን ሁሉ ለእናቴ አስረዳሁ። የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ለምን?" አልነበረም።

"ምን አገኘበት?" አለች።

እናቴን የሚያውቅ በዚህ አይገረምም። ሰፈራችን ውስጥ "ልዋጭ!" የሚል ድምፅ ሲሰማ ቀድማ በር ላይ የምትደርሰው እሷ ናት። በአንድ አሮጌ ጫማ ሳፋ ተቀብላ ምራቂ ማንኪያ የምትጠይቅ ሴት ናት።

"ነፍስ" አለ ወንድሜ።

"ምን?"

"አንድ ነፍስ። የተረሳች ነፍስ ነው የሚሏት።"

አልዋሸም። ብርቱካናማ ዕቃ ሲፈታ የሚወጣው ነገር ስሙ ይኸው ነው። እናቴ ግን በሊጡ እጇ አማተበች።

"በስመ አብ! የማን ነፍስ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ተረስታለች እኮ።"

"ስንት አለህ?"

ወንድሜ ቴሌቪዥኑን አየት አደረገ። "ሁለት መቶ ምናምን።"

ቤታችን በዚያው ቀን ጠበል ተረጨ። ፕሌይስቴሽኑ በፌስታል ተሸፍኖ ነው የተረፈው።

ወንድሜ ቆራሌው ነው። ዓለምን የሚያያት በኪሎ ነው። ምናለሽ ተራ ቢወስዱት ቤተ ዘመድ ያገኘ ነው የሚመስለው፤ በርሜሉ ምድጃ፣ ቆርቆሮው ባልዲ ሲሆን እያየ ውሎ ያድራል። ስም፣ ታሪክ፣ ትዝታ የሚባል ነገር አይገባውም። "ትጠቀምበታለህ?" ይላል። አልጠቀምበትም። "እና?" ይላል። እና ምን ልበለው?

የኔ በሽታ የቆየ ነው። ስካይሪምን ስጫወት ሰውዬዬ መሸከም የሚችለው ክብደት 300 ነበር። ከዚያ ካለፈ መሮጥ አይችልም። ጫካ ለጫካ እንደ ሰርገኛ ስንት ቀን አዝግሜአለሁ መሰላችሁ! ትርፉን ሊድያ የምትባል አጃቢዬ ትሸከማለች፤ ሴትዮዋ ወታደር ናት፣ እኔ ግን ጋሪ አደረግኋት። በኋላ ኋይትረን ከተማ ውስጥ በ5,000 ወርቅ ቤት ገዛሁ። የገዛሁት ልኖርበት አይደለም፤ ለዕቃው ነው። እዚያ ጌም ላይ አስማት ያለበትን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አድርገህ አስማቱን መማር ትችላለህ፤ ዕቃው ግን ይጠፋል። ከመጥፋቱ በፊት "እርግጠኛ ነህ?" ተብለህ ትጠየቃለህ። ያቺ ጥያቄ ናት ሁሌ የምትይዘኝ። ማስቲካ ስገዛ እንኳን እርግጠኛ ያልሆንኩ ሰው ስለ ሰይፍ በምን ልቤ እርግጠኛ ልሁን?

ዊቸር ሦስትም በ2015 ሲወጣ ዕቃ ማስቀመጫ አልነበረውም። የማይጠቅምህን ሽጥ ወይም ፍታ ነበር ነገሩ። ተጫዋቹ አልቻለም። ወራት ሳይቆይ ሣጥን ተጨመረ። በዓመቱ በመጣው ተጨማሪ ክፍል ደግሞ የወይን እርሻ ያለው ቤት ይሰጥሃል፤ ሰይፎችህን የምትሰቅልበት ቦታ አለው፣ ጥሩርህን የምታቆምበት አለው። ሳየው ወዲያው አወቅኩት። የእናቴ ቡፌ ነው።

የእናቴ ቡፌ ውስጥ ጠርዛቸው ወርቃማ የሆነ ስድስት ስኒዎች አሉ። እኔ ሳልወለድ ነው የተገዙት። እስካሁን ማንም አልጠጣባቸውም። "ለእንግዳ ነው" ትላለች። ለእህቴ ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት እንኳን ቡና የቀረበላቸው በዘወትሩ ስኒ ነው፤ "እንዳይሰበር" ተብሎ። እንግዲህ ከሽማግሌ የሚበልጥ እንግዳ ማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ወንድሜ ሊያስታርቀኝ ሞክሯል። ዲያብሎ ሦስት ውስጥ የካናይ ኪዩብ የሚባል ነገር አለ፤ በ2015 የተጨመረ። ብርቱካናማ ዕቃህን ትከትበታለህ። ኪዩቡ ዕቃውን ይበላና ሙያውን ያስቀርልሃል። ከዚያ በኋላ ሰይፉ ባይኖርም ኃይሉን ትጠቀማለህ። ሐሳቡ ግሩም ነው። እንዲህ ያለ ነገር በእውነት ቢኖር መጀመሪያ የምከተው የአጎቴን ካፖርት ነበር፤ ቁም ሳጥኑን ግማሽ የያዘው እሱ ነው። ካፖርቱ ይሂድ፣ ግርማ ሞገሱ ይቅር። አንድ ቀን ደፍሬ አንድ ቀለበት ከተትኩ። ኃይሉ ቀረልኝ። ቀለበቱ ግን አሁንም ይናፍቀኛል። በዚያ ላይ በአንድ ጊዜ የምትጠቀመው ሦስቱን ብቻ ነው። ስለዚህ እዚያም ምረጥ ነው። ከመምረጥ መቼ ማምለጫ አለ?

ከጠበሉ በኋላ ነገር በረድ ሲል "ለመሆኑ ሁለት መቶውን ነፍስ ምን ልታደርገው ነው?" አልኩት።

"ያስፈልጋል።"

"መቼ?"

"አንድ ቀን።"

ቀና ብዬ አየሁት። ቁርጥ እናቱን።

ቅዳሜ ጠዋት ልዋጩ መጣ። እኔ ተኝቼ ነበር። ስነሳ የተበላሹ ሁለት ጆይስቲኮቼና የኬብል ካርቶኔ የሉም። ካርቶኑ ውስጥ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽኔ ገመድ ነበር።

"እማዬ፣ ገመዴስ?"

"እሱ ቆሻሻ ነው። ትጠቀምበታለህ?"

ወንድሜ ከጥግ ሳቀ። እኔ ግን ከእናቴ የተማርኩትን ጥያቄ ጠየቅሁ።

"ምን አገኘሽበት?"

ፊቷ በራ። እጄን ይዛ ወደ ሳሎን ወሰደችኝ። አረንጓዴ የፕላስቲክ ጆግ ነው፤ ክዳን አለው። ምሳ ላይ ውሃ ልቀዳበት ብዬ ቡፌውን ስከፍት እጄን መታችኝ።

"ተው! ለእንግዳ ነው።"